ወርቅ ላበደረ ጠጠር አትመልሱ

በሐዋሳም በአዲስ አበባም በሕዝብ ወንበር ላይ የተቀመጣችሁ ልጆቻችን፣ ስሙ። ምርቃት የፈለጋችሁ ጊዜ በበዓል ቀን ኑ፤ እንመርቃችኋለን። ዛሬ የምናገረው ግን ለጆሮ አይጥምም። ተግሣጽ ነው፤ ደግሞም የሚገባችሁ ነው። አገር ጠርታው የዘመተ፣ ቆስሎ የተመለሰ ወታደር «ረሳችሁኝ» ብሎ አደባባይ ሲወጣ መንግሥት ምን ማድረግ እንዳለበት የምታውቁ አልመሰለኝም። ቀደም ብለው በእናንተ ወንበር የተቀመጡትም አያውቁም ነበር። የት እንደ ደረሱ ግን እኛ አይተናል።

ፍርዱን አስቀድሜ ልናገር፤ ምክንያቱን ቀጥዬ እነግራችኋለሁ። የጦር ሰው ለአቤቱታ ጎዳና ከወጣ ጥፋቱ የሚጀምረው ከመንግሥት ነው። ወታደር መታገሥን እንደ ሙያ የተማረ ሰው ነው። ምሽግ ውስጥ ራበኝ፣ በረደኝ ሳይል የከረመ፣ «ዝም በል» ሲባል ዝም ያለ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ክራንቹን ተደግፎ ፀሐይ ላይ ከቆመ ማመልከቻው ስንት ጠረጴዛ ዞሮ፣ ስንት መሳቢያ ውስጥ እንዳደረ ገምቱ። ስለዚህ የሰልፉ ወሬ በደረሳችሁ ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ማን አነሣሣቸው?» አይሁን። «ከዚህ በፊት ስንቴ አመለከቱ? በሩን የዘጋባቸውስ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የፊተኛውን የጠየቀ ጠላት ሲያስስ ይውላል፤ የኋለኛውን የጠየቀ ጥፋቱን ያገኘዋል።

ምስክሬን ሩቅ አገር ሄጄ አላመጣም። ከዚሁ ከሐዋሳ ይተዳደር ከነበረው ከቀድሞው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር አመፀ። የጠየቀው ሥልጣን አልነበረም፤ ውኃና እህል ነበር። የወታደሩ የውኃ መሳቢያ ተበላሽቷል፤ መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ አላቸው፤ ከዚያ እንቅዳ ቢሉ ተከለከሉ። ምግቡም ለሰው የሚቀርብ አልነበረም። አቤት ብለው ሰሚ ሲያጡ አዛዦቻቸውን ያዙ። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንዲያጣሩ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ ጄኔራሉን አስቀምጠው እነሱ የሚበሉትን አቀረቡላቸው፤ እነሱ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። ጄኔራሉ ታመሙ።

እዚህ ላይ ቆም በሉና አስቡት። የምድር ጦር አዛዥ የወታደራቸውን ውኃ የቀመሱት በወታደራቸው እጅ ከተያዙ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ባለሥልጣን ወርዶ ከዚያው ውኃ አንድ ኩባያ ቢጠጣ ኖሮ ነገሩ በአንድ ሞተር ጥገና ያልቅ ነበር። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው። ለወታደሮቹ ቃል ተገባላቸው እንጂ የብሶቱ ሥር አልተነካም። በሚቀጥለው ወር ደብረ ዘይት ላይ የአየር ኃይል ሰዎች፣ አስመራ ላይ ሁለተኛው ክፍለ ጦር ተነሡ። ደመወዝ በችኮላ ተጨመረ። የካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ፤ ሰኔ 21 ደርግ ተቋቋመ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ወረዱ። ዙፋኑን የተበላሸ ሞተር ብቻውን ጣለው አልልም። የወሎ ረሃብ ነበር፤ የመሬት ጥያቄ ነበር፤ የመምህራንና የታክሲ ነጂዎች አድማ ነበር። ያ ሁሉ ብሶት ጠመንጃ የያዘ ክንድ ያገኘው ግን በነገሌ በተከፈተው መንገድ ነው።

የራሳችንንም ከተማ ነገር ላንሣ። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም.፣ ራስ መንገሻ ስዩም ሲዳሞን ሲያስተዳድሩ ስትቆረቆር ከመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎቿ መካከል ከሠራዊቱ በጡረታ የተሰናበቱ ወታደሮች ነበሩ። ላገለገለ ሰው ማረፊያ መስጠት መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን መሬቱ ባዶ አልነበረም። በሐይቁ ዳር ከብቱን የሚያሰማራው የሲዳማ ሕዝብ ነበረበት፤ ከቀየው ተነሣ። መንግሥት የራሱን ዕዳ በሌላ ድሀ ርስት ከፈለ ማለት ነው። ወታደሩ የሚገባውን አገኘ ሲባል ሌላው የሚገባውን አጣ፤ ቂሙም ለልጅ ልጅ ተረፈ። ስለዚህ ዛሬ «ለጀግኖቻችን ቦታ እንሰጣለን» ብላችሁ በጭብጨባ መካከል ስትናገሩ ቦታው የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ። የመንግሥት ዕዳ የሚከፈለው ከመንግሥት ካዝና ነው፤ በበጀት ተይዞ፣ በምክር ቤት ጸድቆ፣ በግልጽ ተመዝግቦ። ከገበሬ ማሳ ተቆርሶ የሚሰጥ ውለታ ሁለት ሰው መበደል ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ነውር ግን «ያ የእኛ ወታደር አልነበረም» የምትሉት ነው። ይህ በሽታ በአገራችን ሥር ሰዷል። የቃኘው ሻለቆች ወደ ኮሪያ የዘመቱት በንጉሡ ዘመን ነው። 6,037 ሰው ዘመተ፤ ከ120 በላይ ወደቁ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ አንድም ሰው ለጠላት እጁን አልሰጠም። ደርግ ሲመጣ ኮሚኒስት ወግተዋል ተብለው በክፉ ዓይን ታዩ፤ ብዙዎቹ በድህነት አረጁ። ማን አሰባቸው? ደቡብ ኮሪያ። ቹንቾን ከተማ ላይ መታሰቢያ አቆመችላቸው፤ ለእርጅናቸው ድጎማ፣ ለልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ዕድል ሰጠች። የሰው አገር የልጆቻችንን ደም ቆጥሮ ሲያስታውስ ባለቤቱ ረሳ። በዚህ የማያፍር ባለሥልጣን በምን ያፍራል?

ቀጥሎ የሆነውን ደግሞ አብዛኞቻችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ተበተነ። 450 ሺህ የሚያህል ሰው፣ ከአስመራ በእግሩ የመጣ፣ በሱዳን በኩል ዞሮ የገባ፣ በየማጎሪያው ከርሞ የተለቀቀ። እርግጥ ነው፣ የቀድሞ ጦር አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተመሠረተ፤ ገበሬ ለነበረው መሬት፣ ለሌላው ስንቅና ጥቂት ገንዘብ ተሰጠ። የተሠራውን አልክድም። ነገር ግን ዩኒፎርሙን ለብሶ በቤተ ክርስቲያን ደጅና በአውቶቡስ ተራ እጁን የዘረጋ ወታደር ያላየ የዚያ ዘመን ሰው አለ? «የደርግ ወታደር» ተብሎ ተሰደበ። ያንን ጦርነት እሱ አልፈለገውም፤ ብዙው በብሔራዊ ውትድርና ከቤቱ ተወስዶ የዘመተ ልጅ ነበር። ከዚያስ? በግንቦት 1990 ዓ.ም. ባድመ ስትያዝ ያንኑ የተናቀ አብራሪ፣ መድፈኛና ታንከኛ መንግሥት ራሱ ፈልጎ ጠራው። መጣም። ተዋጋም። ጦርነቱ ሲያበቃ 148 ሺህ የሚያህል ተዋጊ እንደገና ተሰናበተ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ «የቀድሞ ሠራዊት አባላት ኑ» የሚል ጥሪ እንደገና ተሰማ።

ልብ በሉ፤ ስትጠሩት የአገር ልጅ ነው፤ ሲጠይቃችሁ ያለፈው ሥርዓት ሰው ይሆንባችኋል። የአባት ዕዳ ለልጅ ነው። የቀደመው መንግሥት ከውጭ የተበደረውን ዶላር «እኛ አልተበደርንም» ብላችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም፤ አበዳሪው ያስገድዳችኋልና ከነወለዱ ትከፍላላችሁ። እግሩን ለሰጠ ሰው የምትከፍሉትን ግን በዘመን ትከፋፍሉታላችሁ። ሰንደቁ አንድ ከሆነ ዕዳውም አንድ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ደጃችሁ እንምጣ። በቦርድ የተሰናበተ አንድ ሰው ለማመልከት ሲመጣ እዩት። የላስቲክ ከረጢት በብብቱ ይዟል። ውስጡ የመሸኛ ወረቀት አለ፤ ከመታጠፉ ብዛት መሐሉ ተሰንጥቆ በፕላስተር የተያያዘ ነው። የሕክምና ቦርድ ማስረጃ አለ፤ ማኅተሙ ደብዝዟል። መታወቂያ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ የሦስት ዓይነት ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ። ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላል። በር ላይ ያለው ጥበቃ፣ ልጁ የሚሆን ወጣት፣ «አባት፣ ሰኞ ይምጡ» ይለዋል። ሰኞ ሲመጣ «ፋይሉ ከዋናው መሥሪያ ቤት አልመጣም» ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ለመሄድ የአውቶቡስ ትኬት፣ የማደሪያ ገንዘብ ይፈልጋል። እዚያ ሲደርስ ደግሞ «የሚመለከተው የክልልዎን ቢሮ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ክራንቹ ሥር ያለው ጎማ እስኪያልቅ ይመላለሳል። ይህን ሰው ያሠለፈው ማን ነው? ፖለቲከኛ? አይደለም። ያሠለፈው «ሰኞ ይምጡ» ነው።

ሰልፉ በወጣ ጊዜ የማታደርጉትን ልንገራችሁ።

አትተኩሱ። ይህን ለሐዋሳ ሰው ማንም ሊያስተምረው አይገባም ነበር። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. ሎቄ ላይ የከተማችንን ጉዳይ ይዘው በወጡ ሰልፈኞች ላይ ተተኮሰ፤ ሰዎች ሞቱ። ጥያቄው ሞተ? አልሞተም። ከ17 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል እንዲሆን በተሰጠ ሕዝበ ውሳኔ መልስ አገኘ። ያኔ በጠረጴዛ ዙሪያ መነጋገር ይቻል የነበረውን ነገር ደም አስቀደመው። በጎረቤታችን በኤርትራም እንዲሁ ሆኗል። ሐምሌ 4 ቀን 1986 ዓ.ም. ማይ ሐባር ላይ የነበሩ የጦር ጉዳተኞች አቤት ሊሉ ወደ አስመራ ሲነሡ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያሉ ሰዎች፣ አብረዋቸው በታገሉ ጓዶቻቸው መንግሥት ተተኮሰባቸው፤ የሞቱም ነበሩ። ሀብታሟ አሜሪካም ከዚህ ነውር አላመለጠችም። እ.ኤ.አ. በ1932 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች የተቆረጠላቸው ጉርሻ በ1945 ሳይሆን አሁን ይከፈለን ብለው ዋሽንግተን ላይ ሰፈሩ። ፕሬዚዳንት ሁቨር ጦር አዘዙ፤ ጄኔራል ማክአርተር በታንክና በአስለቃሽ ጭስ በተኗቸው፤ ድንኳኖቻቸውም ነደዱ። ሁቨር በዚያው ዓመት ምርጫ ተሸነፉ፤ ገንዘቡም በ1936 ተከፈለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚመለሱትን ግን ሰልፍ እስኪወጡ አልጠበቋቸውም። ጦርነቱ ሳያልቅ፣ በ1944፣ ለትምህርታቸውና ለቤታቸው የሚሆን ሕግ አወጡ። ትምህርት ማለት ይህ ነው።

በፍርሃትም አትክፈሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የዚምባብዌ ዘማቾች ሙጋቤን ሲያስጨንቋቸው፣ ለያንዳንዱ 50 ሺህ የአገሩን ዶላርና ወርኃዊ ጡረታ ሰጡ፤ በበጀት ያልነበረ ገንዘብ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የአገሪቱ ገንዘብ በአንድ ቀን ተንኮታኮተ፤ የዘማቹም ድርሻ አብሮ ዋጋ አጣ። ሳይመረመር በድንጋጤ የሚከፈል ገንዘብ ፍትሕ አይባልም፤ ለጮኸ ይሰጣል፣ ዝም ብሎ የተሠቃየውን ያስቀራል።

በሜዳሊያና በምሳ ግብዣም አትሸንግሉ። በበዓል ቀን መድረክ ላይ አውጥታችሁ ካባ አልብሳችሁ፣ ፎቶ ተነሥታችሁ፣ በማግስቱ በሩን የምትዘጉበት ከሆነ ካባው ስድብ ነው።

ምን አድርጉ እላለሁ? አንደኛ፣ ራሳችሁ ሂዱ። ፖሊስ አትላኩ፤ ጸሐፊ አትላኩ፤ መወሰን የሚችለው ሰው ይሂድ። የሲዳማ ሽማግሌዎች በሸንጎአቸው በሶንጎ ሲቀመጡ ነገሩ በአፊኒ፣ በመደማመጥ ሥርዓት፣ ይዞራል፤ በዳይም ተበዳይም ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም። እዚህ ከተማ ውስጥ ተወልዶ ይህን ሥርዓት ያላወቀ ሹም ካለ ወርዶ ይማር። ሁለተኛ፣ የምትችሉትንና የማትችሉትን ለዩና እዚያው ንገሯቸው። ወታደር እውነት ይሸከማል፤ የማይሸከመው መታለልን ነው። ሦስተኛ፣ ቀን ቁረጡ፤ በጽሑፍ ስጡ፤ የሚያስፈጽመውንም ሰው ስም ጻፉበት። አራተኛ፣ ፋይሉን እናንተ ፈልጉ። መዝገቡ የመንግሥት ነው፤ የጠፋውም በመንግሥት እጅ ነው፤ ቁስሉን በገላው የተሸከመ ሰው መቁሰሉን እንዲያስረዳ ዓመት ሙሉ አታመላልሱት። የወዛደር ደመወዝ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲከፈል ቅዱስ መጽሐፍ ያዛል፤ ለደም ዋጋማ ስንት እጥፍ!

ይህ የበጎ ፈቃድ ነገር አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብና ሰልፍ የመውጣት መብት ይሰጣል። በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በሚፈቅደው መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ያዛል። «አቅሙ በሚፈቅደው መጠን» የሚለውን መደበቂያ አታድርጉት። አቅም የለንም ያለ መንግሥት አስቀድሞ አዲስ መኪና መግዛቱን ያቁም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ሥራው አሁን በእጃችሁ ስላለ ነው። የሰሜኑን ጦርነት ካስቆመው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን በየክልሉ የሚያሰናብታቸውን የቀድሞ ተዋጊዎች 371,971 ብሎ ቆጥሯል። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ትግራይ ላይ ሥራ ጀምሯል። እነዚህ ሰዎች ትናንት በተለያየ ጎራ ሆነው ተዋግተዋል፤ ዛሬ ሁሉም የዚህችው አገር ዜጎች ናቸው። ጥቂት ቀን ሥልጠና፣ ጥቂት ገንዘብ፣ ከዚያ «ደህና ግቡ» ብቻ ከሆነ የ1983ቱን ስሕተት በአዲስ ስም ደገማችሁት። የሰጣችሁትን ብቻ አትቁጠሩ፤ ከዓመት በኋላ ማን ቤት አለው፣ ማን ሥራ አለው፣ የማን ቁስል አሁንም ይመግላል ብላችሁ በየቤቱ ሄዳችሁ ቁጠሩ።

እናንተም ዘማቾች፣ ወንድሞቼና ልጆቼ፣ ተግሣጹ አይቀርላችሁም። መስከረም 30 ቀን 2011 ዓ.ም. መሣሪያ የታጠቁ ወታደሮች የደመወዝ ጥያቄ ይዘው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት መሄዳቸውን ታስታውሳላችሁ። መሪው ወጥቶ ማነጋገሩ የተገባ ነበር። መሣሪያ ይዞ ወደ ቤተ መንግሥት መሄድ ግን የተገባ አልነበረም፤ በኋላ በወታደራዊ ፍርድ ቤት የተፈረደባቸውም ነበሩ። ጥያቄያችሁ እውነት ከሆነ ጠመንጃ አያስፈልገውም። ሕጉ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ይላል፤ አሳውቁ። መንገድ ዘግታችሁ ምጥ የያዛትን እናት አታስቀሩ። ያላቆሰላችሁን የቢሮ ጸሐፊ አትሳደቡ። ቁስላችሁን ለምርጫ ዘመቻ የሚከራይ ሰው ሲመጣ አባሩት። እናንተ የአገር ናችሁ፤ የአንድ ወገን መሣሪያ የሆናችሁ ቀን ጥያቄያችሁ ይረክሳል።

የከተማዬ ሰዎች ሆይ፣ እናንተስ? የጦር ጉዳተኛ ሲሠለፍ ከሱቃችሁ በር ቆማችሁ በስልክ ትቀርጻላችሁ። ስልኩን አስቀምጡና ውኃ ስጡ፤ ወንበር አውጡ። በዕድሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ያላችሁ፣ ከሹሙ ደጅ አብራችሁ ሂዱ፤ ብቻውን የቆመን ሰው መግፋት ቀላል ነውና። ነገር ግን ይህን ያልኩት የመንግሥትን ሸክም ወደ እናንተ ለማዞር አይደለም። ጦርነት የሚያውጀው መንግሥት ነው፤ የሚጠራውም መንግሥት ነው፤ ስለዚህ የሚከፍለውም መንግሥት ነው።

ባለሥልጣናት ሆይ፣ የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው። በየመሥሪያ ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ የተኛ የዘማች ማመልከቻ አለ። ሰልፍ እስኪወጣ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት አውጡት፤ አንብቡት፤ ባለጉዳዩን በስሙ ጥሩት፤ መልሱን በጽሑፍ ስጡት። መስጠት ካቃታችሁ ወንበሩን ለሚችል ልቀቁ። ይህን ሳታደርጉ «አገር ተደፍራለችና ዝመት» ብላችሁ የማንንም እናት ልጅ ለመጥራት ሞራል የላችሁም።